ልጃችሁ የአንጎል ሞገድ ምርመራ ሲታዘዝለት፦ ለሰሜን ሸዋ ወላጆች

ሐኪሙ «የአንጎል ሞገዱ ይታይ» ብሎ ወረቀት ሲጽፍ ወላጅን ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል። አንዱ «ልጄ ጭንቅላት ላይ ኮረንቲ ሊለቁበት ነው ወይ?» የሚል ነው። ሌላው መንገዱና ወጪው ነው።

የመጀመሪያውን ጭንቀት አሁኑኑ ተዉት። ኢኢጂ የሚባለው ይህ ምርመራ ወደ ጭንቅላት ምንም ነገር አይልክም። የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙት በጣም ደካማ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ራስ ቆዳ ላይ ሲደርስ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ ነው። የሚለጠፉት ትንንሽ ሽቦዎች ያንን ይቀበላሉ፤ ማሽኑ ደግሞ አጉልቶ በመስመር ይስለዋል። አያምም፣ ጨረር የለውም። ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀዳ ወዲህ መሠረቱ ያው ነው።

ሁለተኛው ጭንቀት ግን እውነት ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነስቶ፣ ሥራ ፈትቶ፣ ብር ተበድሮ ሄዶ «ፀጉሩ ቅቤ አለው፣ ሌላ ቀን ኑ» መባል ያንገበግባል። ይህን የምጽፈው ድካማችሁ በከንቱ እንዳይቀር ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። የሚጥል በሽታ መኖር አለመኖሩን ማሽኑ ብቻውን አይወስንም። ሐኪሙን ከሁሉ ይበልጥ የሚረዳው እናንተ ያያችሁት ነው። ስለዚህ ሥራው ከቤት ይጀምራል።

1. ሲጥለው ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ሰዓት እዩ። ሁሉም ሲጯጯህ ሰዓት የሚያይ አይኖርም፤ በኋላ ግን አንዱ ደቂቃ ሩብ ሰዓት መስሎ ይወራል። ልጁን በጎኑ አስተኙት፣ ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። ከራሱ ሥር ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉለት። አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉት። እሳትና ስለታም ነገር ከአጠገቡ አርቁ።

አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ እንጨት፣ ጣት አታስገቡ። ምላስ አይዋጥም፤ ጥርስ ግን ይሰበራል። እጅ እግሩን ጨምቃችሁ አትያዙ። በደንብ ሳይነቃ ውኃም ሆነ ሌላ ነገር አታጠጡት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ምንም አያደርግም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ ክብሪቱ ያቆመው ይመስላል እንጂ። አረፋው ደግሞ በሽታ አያስተላልፍም። ይህን ለጎረቤቶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ «እንዳይዘኝ» ብሎ የሚሸሽ ሰው ልጁን እሳት ዳር ጥሎት ሊሄድ ይችላል።

መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ልጁ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀ፣ ወይም ሲጥለው የመጀመሪያው ከሆነ ወዲያው ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሂዱ።

ትኩሳት ካለውስ? ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሲያተኩሳቸው ሊንቀጠቀጡ ይችላሉ። ይህ በራሱ የሚጥል በሽታ አይደለም፤ አጭር ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ከመጣና ልጁ ቶሎ ወደ ራሱ ከተመለሰ ኢኢጂም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ያ ማለት ግን ቤት ይቀመጥ ማለት አይደለም። ትኩሳቱን ያመጣው ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ቆላ ላይ ከሆናችሁ ወባም አለ። በዚያው ዕለት መታየት አለበት።

2. ቅረጹ፣ ጻፉ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ይህ ነውና።

ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ልጁ ደህና ሆኖ ወንበር ላይ እግሩን እያወዛወዘ ይቀመጣል። ሐኪሙ ያላየውን ነገር ከእናንተ አፍ ብቻ ነው የሚሰማው። «ጣለው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ» ካላችሁት ብዙ አልነገራችሁትም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ ካለ ቅረጹት። አንዱ ልጁን ይጠብቅ፣ ሌላው ይቅረጽ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ልጁ ይቀድማል፤ በጎኑ ካስተኛችሁት በኋላ ስልኩን አንሱ። መብራት ይኑር፣ ብርድ ልብሱን ግለጡ፣ ፊቱም እጅና እግሩም ይታይ። በስሙ ጥሩት፣ ይሰማ እንደሆነ ይታወቃል። ሲያበቃም ቶሎ አታቁሙ፤ ከዚያ በኋላ መናገር መቻሉ፣ አንዱ እጁ መድከሙ፣ መተኛቱ ሁሉ ለሐኪሙ መረጃ ነው። ቪዲዮው ለሐኪም ነው። ለሰፈር ሰው አታሳዩት፣ የትም አትልቀቁት።

አንድ ደብተር ግዙና በየጊዜው እነዚህን ጻፉ፦ ቀኑንና ሰዓቱን፤ ተኝቶ ነበር ወይስ ነቅቶ፤ ከየት ጀመረ (ከአፍ፣ ከአንድ እጅ፣ ከመላ አካል)፤ ዓይኑ ክፍት ነበር ወይስ ተከድኖ፤ ራሱ ወደ የት ዞረ፤ ስንት ደቂቃ ቆየ፤ ሽንት አመለጠው ወይ፤ ምላሱን ነከሰ ወይ። ከዚያ በፊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ታሞ ወይም መድኃኒት ረስቶ እንደነበርም ጨምሩ።

የሚጥል በሽታ ሁሉ አይጥልም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የሚከተሉትን ካያችሁ ጻፉ፣ ቅረጹም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ለ10 ሰከንድ ያህል ፈዝዞ የሚቀርና ምንም እንዳልሆነ የጀመረውን የሚቀጥል ልጅ አለ። በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለስበታል። መምህሩ «ልቡ ትምህርቱ ላይ የለም» ይላል፤ አንዳንዱም ይቆነጥጠዋል። ይህ አይነቱ በኢኢጂ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በሰከንድ 3 ጊዜ የሚመላለስ ሹልና ሞገድ የተያያዘበት ሥዕል አለው።

ሌላው ሌሊት ላይ የሚመጣው ነው። ልጁ ይነቃል፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፣ ምራቁ ይዝረከረካል። ይሰማል፣ መናገር ግን አይችልም። በትምህርት ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ በጉርምስና መጨረሻ ይተዋቸዋል።

ከፍ ያሉ ልጆች ደግሞ ጠዋት ሲነሱ እጃቸው ድንገት ብርግግ ይልና የያዙትን ኩባያ ይጥላሉ። «እጀ ሰባራ» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። መጀመሪያ ጠይቁት።

በጣም የሚያስቸኩለው ግን የጨቅላው ነው። ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት ነው። ሕፃኑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ድንገት ጎንበስ እያለ እጆቹን ይዘረጋል፤ ያቆማል፣ ይደግማል፣ አሁንም ይደግማል። ቁርጠት ይመስላል። ቁርጠት ነው ተብሎም ሳምንታት ያልፋሉ። ሳቁንና ዓይን መከተሉን እየተወ ከመጣ ቀን አትቁጠሩ። በዚህ ሕመም የአንጎሉ ሞገድ ቅርጹ የጠፋና የተመሰቃቀለ ይሆናል፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የልጁ ዕድገት ይጎዳል። ቪዲዮውን ይዛችሁ ሆስፒታል ግቡና «አስቸኳይ ነው» በሉ።

በተቃራኒው የሚጥል በሽታ የሚመስል ነገርም አለ። ሲያለቅስ ትንፋሹን ይዞ የሚጠቁር ሕፃን አለ። ሳይበላ ቅዳሴ ላይ ረጅም ሰዓት ቆሞ ላብ ላብ ብሎት የሚወድቅ ልጅም አለ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ራስን መሳት ብቻ ነው። ሐኪሙ ከታሪኩ ይለየዋል፣ ታሪኩን በትክክል ከነገራችሁት።

3. ጤና ጣቢያና ሪፈር

በቀጥታ አዲስ አበባ አትሩጡ። ጤና ጣቢያ ላይ ያለው ጤና መኮንን መጀመሪያ ያየዋል፤ ብዙ ልጆች እዚያው መድኃኒት ሊጀመርላቸው ይችላል። ከ24 ሰዓት በላይ በተራራቀ ጊዜ፣ ያለ ትኩሳትና ያለ ሌላ ግልጽ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከጣለው የሚጥል በሽታ ተብሎ ይያዛል። ለዚህ ኢኢጂ ግድ አይደለም። «ማሽን ሳይታይ መድኃኒት አልጀምርም» ብሎ ወራት መጠበቅ ልጁን ይጎዳል።

የጤና መድህን አባል ከሆናችሁ ሪፈር ወረቀቱን በየደረጃው ያዙ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ላይ። ወረቀቱ ከሌለ ከኪስ ትከፍላላችሁ። የታደሰ መታወቂያችሁንም አትርሱ።

4. ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመንዝ ለሚነሳ ደግሞ መንገዱ ገና ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ደውሉና ጠይቁ፦ ማሽኑ ይሠራል? ልጆችን ይመረምራሉ? ቀጠሮ ስንት ቀን ይቆያል? ዋጋው ስንት ነው? ውጤቱ በዕለቱ ይደርሳል? ልጁ ተኝቶ ነው ወይስ ነቅቶ የሚመረመረው? የመጨረሻውን በተለይ ጠይቁ፤ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል።

5. ዋዜማው

ፀጉር። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት ካለ ሽቦው አይይዝም፤ ሥዕሉም ይበላሻል። ማታውኑ ሁለት ጊዜ በሳሙና ወይም በሻምፑ እጠቡትና በደንብ አድርቁት። የእኛ አገር ብርድ የታወቀ ነው፤ ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ ልጁን አታሳምሙት። ከታጠበ በኋላ ምንም አትቀቡ። ሹሩባ ከተሠራች ፍቱላት። ጥብቅ ብሎ ከተሠራ የራስ ቆዳው አይገኝም። መላጨት ግን አያስፈልግም።

እንቅልፍ። እንቅልፍና እንቅልፍ ማጣት የተደበቀውን ሞገድ ያወጡታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «አሳንሳችሁ አስተኙት» ትባላላችሁ። ለተማሪ ልጅ ለምሳሌ ከምሽቱ 5 ሰዓት አስተኝቶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መቀስቀስ ይሆናል፤ ሰዓቱን ግን እነሱ እንደነገሯችሁ አድርጉ። ጨቅላ ከሆነ ሌሊቱን ይተኛ፤ ጠዋት ላይ የሚተኛትን እንቅልፍ ብቻ ለምርመራው አቆዩለት። ጡት ወይም ጡጦም ለዚያች ሰዓት አቆዩ።

ችግሩ መኪናው ነው። ሌሊት የተነሳ ልጅ አውቶቡስ ሲሞቀው እናቱ ጭን ላይ ይተኛል። ክፍሉ ሲገባ ዓይኑ ቁልጭ ብሎ ይነቃል፤ አልተኛም ይላል፣ የሌሊቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ቀረ። የምትችሉ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡና ዘመድ ቤት እደሩ። ካልሆነ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ተረት እያወራ፣ በመስኮት እያሳየ ያቆየው። የማስተኛ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትስጡ። አደጋ አለው፤ ሞገዱንም ይለውጠዋል።

የልጁን መድኃኒት እንደወትሮው ስጡት። «ለምርመራው እንዲመች» ብላችሁ ካቋረጣችሁ ሳያቋርጥ ሊጥለው ይችላል። በልቶ ይሂድ፤ ጾም ቢሆንም እንኳ በባዶ ሆድ አትውሰዱት፤ የስኳር መጠን ማነስ ሥዕሉን ያዛባል። ቡናና ሻይ ግን ለዚያ ቀን ይቅርበት።

6. ክፍሉ ውስጥ

ባለሙያው ራሱን በሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል፣ 20 ያህል ሽቦዎች በቅባት ይለጥፋል። ይህ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀረጻው ደግሞ 20 ወይም 30 ደቂቃ ነው። ልጁ ከወዲሁ ይወቀው። ቤት ውስጥ ክር ራሱ ላይ አድርጋችሁ ተጫወቱ፣ አሻንጉሊት ካለውም ለእሷ አድርጉላት።

ዓይንህን ክደን፣ ግለጥ ይሉታል። ከዚያ ለ3 ደቂቃ ያህል በኃይል እንዲተነፍስ ያደርጉታል፤ ፈዝዞ የሚቀረው አይነት በዚህ መሐል ብዙውን ጊዜ ይነሳል፤ አትደንግጡ፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ቁራጭ ወረቀት እፍ ብሎ ማንሳፈፍ አለማምዱት። ልጁ የልብ ሕመም ወይም ከባድ አስም ካለው ይህ ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ። በመጨረሻ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያሳዩታል። ሲያልቅ ቅባቱ በሞቀ ውኃ ይለቃል።

7. ውጤቱ

ወረቀቱን ለፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ወይም እንግሊዝኛ ለሚያነብ ዘመድ አስነብባችሁ አትደንግጡ። የአንጎል ሞገድ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ተቆጥሮ ይመደባል፦ ከ4 በታች ዴልታ፣ ከ4 እስከ 8 ቴታ፣ ከ8 እስከ 13 አልፋ፣ ከዚያ በላይ ቤታ። ነቅቶ ዓይኑን የከደነ ጤነኛ አዋቂ ከራሱ ኋላ በኩል አልፋ ያሳያል። ልጅ ግን እንደዚያ አይደለም። በ3 ወሩ ይህ ሞገድ በሰከንድ 3 ወይም 4 ነው፤ በ1 ዓመቱ 6 ገደማ፤ በ3 ዓመቱ 8 ይደርሳል፤ 10 ዓመት ሲሞላው ወደ 10 ይጠጋል። ስለዚህ አዋቂ ላይ «ዘገምተኛ» የሚባለው ሥዕል ሕፃን ላይ ጤና ነው። የልጅ ሞገድ ማንበብ የለመደ ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

«ኖርማል» ቢልስ? የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች የመጀመሪያው ኢኢጂ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ማሽኑ ያየው ያችን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሐኪሙ ከታሪኩ ተነስቶ መድኃኒት ይቀጥል ካለ ቀጥሉ። «ስፓይክ (ሹል ሞገድ) አለ» ቢልስ? ጥቂት ጤነኛ ልጆችም ያሳያሉ፤ አንድም ቀን ጥሏቸው አያውቅም። የሚታከመው ልጁ ነው፣ ወረቀቱ አይደለም።

«ፎካል» ማለት ከአንድ ቦታ የሚነሳ፣ «ጄኔራላይዝድ» ማለት ከሁለቱም የአንጎል ወገን አንድ ላይ የሚነሳ ነው። ልዩነቱ ለመድኃኒት ምርጫ ይጠቅማል። ለምሳሌ ካርባማዜፒን ለፎካሉ ጥሩ ነው፤ ፈዝዞ የሚቀረውን አይነት ግን ሊያባብሰው ይችላል። ከፎካል ውጤት በኋላ ኤምአርአይ (አንጎልን በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ሊታዘዝ ይችላል። ወረቀቱን በላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት።

8. መድኃኒቱና ቤቱ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን መድኃኒት በአግባቡ ከሚወስዱ 10 ሰዎች እስከ 7 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል በየጤና ጣቢያው በብዛት የሚሰጠው ነው፤ ሊያስተኛ፣ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ሊያቅበጠብጥ ይችላል። ይህን ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ። ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን ጀምሮ ሽፍታ ከወጣበት ግን በዚያው ቀን አሳዩት። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሂዱ፤ መንገድ ሊዘጋ፣ ፋርማሲውም ሊያልቅበት ይችላል።

ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ልጅ ይዞ የሚሰነብት ቤተሰብ ብዙ ነው። ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን አብራችሁ ያዙ፣ በሰዓቱም ስጡት። ሲጠመቅ ብቻውን አይቁም።

እሳት ትልቁ ስጋታችን ነው። ደጋ ላይ ልጅ ከምድጃ አይርቅም። ምድጃውን ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ወይም ዙሪያውን በጭቃና በድንጋይ ከልሉት። ውኃ ለመቅዳት ወንዝ ብቻውን አይውረድ። በግ ጥበቃ ከሄደ ጓደኛ ይኑረው፤ ጣርማበርን በመሰለ ገደላማ ቦታ ጫፍ ላይ እንዳይቀመጥ ለጓደኛውም ንገሩ። ዛፍ ላይ አይውጣ። ከዚህ በቀር ይጫወት፣ ይማር። ከትምህርት ቤት ማስቀረት ከበሽታው በላይ ይጎዳዋል። መምህሩን ሂዳችሁ አነጋግሩ፤ 1ኛውን ቁጥር አንብቡለት፣ ስልክ ቁጥራችሁን ስጡት።

ደብተሩን መጻፍ አታቁሙ። ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ሙሉ ሳይጥለው ከቆየ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ስለ መቀነስ ያነሳል፤ ያን ጊዜ ኢኢጂ ሊደገም ይችላል። በየቀጠሮው ደብተሩን አሳዩት።